የማይንቀጠቀጥ እጅ

ቢያዝን የሰው ልቅሶ ለይቶ ያውቃል። ደንቢያ ውስጥ ኮላ ድባ አጠገብ ተወልዶ፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በየደብሩ ደጃፍ ያደገ ሰው ነውና የሐዘንተኛውንም፣ የንስሐ ገቢውንም፣ የተራበውንም ልቅሶ ጠግቦ ሰምቷል። በዚያ የየካቲት ማለዳ ከአንሶላው ክምር ጀርባ የሰማው ግን ሌላ ነበር። አፍ በጨርቅ ታፍኖ፣ እንዳይሰማ ተብሎ የሚለቀስ ልቅሶ ነው። ዘመኑ ፲፱፻፸ ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ ማልቀስ ራሱ ያስጠይቅ ስለነበር፣ ልጁ የተገደለበት አባት እንኳ በሩን ዘግቶ ትራስ ነክሶ ነበር የሚያለቅሰው።

ክምሩን ዞሮ ሲያይ ሲስተር መንበረ ናት። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀብራ ትንቀጠቀጣለች። ቢያዝን በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሁለት ዓመት ሲሠራ ይችን ልጅ ከሩቅ ብቻ ነበር የሚያውቃት። የቁስቋም ሰፈሯ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበሩት የአቶ ዳኛው ልጅ። ስትሄድ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው፤ ሰላምታዋም ቁጥብ ነው። አሁን እግሩ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ ሲያያት የሚያደርገው ጠፋው።

«ምነው ሲስተር? ማን ነካዎት?»

«እጄ» አለች። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ አርባ አልጋ እንኳ የማይሞላ ትንሽ ሆስፒታል ነበር። የአራተኛው ክፍል በር ላይ ሁልጊዜ ጠመንጃ የያዘ ሰው ይቆማል። እዚያ የሚተኙት ከምርመራ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ካርዳቸው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ነርሶቹ ቁስላቸውን ያጥቡላቸዋል፣ ግሉኮስ ይሰቅሉላቸዋል፣ ያገግማሉ። ሲያገግሙ ማኪና መጥቶ ወደነበሩበት ይመልሳቸዋል። የነበሩበት ቦታ ስም አለው፤ ስሙን የሚደፍር ስለሌለ ግን ሰው ሁሉ «እዚያ» ብቻ ይለዋል። መንበረ በዚያ ጧት የአንዱን ሰው ደም ስር ፍለጋ ስድስት ጊዜ ወጋችው። በስድስተኛው ስሪንጁ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ውስጥ እግሩ የተላጠው ያ ሰው ከትራሱ ቀና ብሎ «አይዞሽ እኅቴ፣ ቀስ በይ» አላት።

«እኔን ነው አይዞሽ ያለኝ!» አለች መንበረ። «እሱ እኔን! ደግሞ ይድናል፤ እኔ አድነዋለሁ። ባዳንሁት ማግስት መጥተው ይወስዱታል። እንቅልፍ የለኝም፣ የበላሁት አይረጋልኝም። ሜትረኗ ‹እጅሽን ሰብስቢ› ትለኛለች። በምን ልሰብስበው?»

ቢያዝን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንሶላ የሚያማስልበትን ረጅም ዱላ ከበርሜሉ አውጥቶ፣ በፎጣ ጠርጎ ሰጣት።

«ይነሡና ይደገፉት» አላት።

ቢያዝን የአቋቋም፣ የማኅሌቱ ዜማና ውዝዋዜ፣ ተማሪ ነበር። በዓታ ደብር አሥራ አንድ ዓመት ተምሮ፣ ለመመረቅ ጥቂት ሲቀረው የደብሩ መሬት ተወረሰ፣ የተማሪውም ድርጎ ቀረ፤ እሱም ደበሎውን አውልቆ ወደ ሳሙናና በረኪና ገባ። ገና ልጅ ሳለ መጀመሪያ ማኅሌት ሲቆም ጉልበቱ ሲብረከረክ ያዩት መምህሩ የኔታ ወልደኢየሱስ «ዜማ ያለው ጉሮሮህ ውስጥ አይደለም፣ ተረከዝህ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ቁም፣ ቀጥለህ ተንፍስ» ብለውት ነበር። በጾም፣ ከበሮና ጸናጽል ሲቀመጡ፣ ካህናቱ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው ወዲያና ወዲህ እያሉ የሚወዛወዙበት ሥርዓት አለ፤ ዝማሜ ይባላል። ቢያዝን ከዚያ ሁሉ ትምህርት የቀረው ይኸው ነበር።

«ተረከዝዎ መሬቱን ይስማው። ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ አየሩን ያስገቡት። ወደ ግራ ሲመለሱ ይልቀቁት፤ የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም። እኔ አዜማለሁ። ቃል የለውም፤ እርስዎ ትንፋሽዎን ብቻ ከኋላው ይስደዱት።»

ሞኝነት ሳይመስላት አልቀረም። ቢሆንም ቆመች። መጀመሪያ ትንፋሿ እየተቆራረጠ አስቸገራት፤ ቆይቶ ዜማውን እየተከተለ ረዘመ። ትከሻዋ ወረደ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዱላው ላይ ያረፉትን እጆቿን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየቻቸው። ዱላውን በርሜሉ ላይ አስደግፋ ወጣች።

እኩለ ቀን ላይ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። «አገኘሁት። በአንድ ጊዜ!» አለችና ፈገግ ብላ ሄደች። ቢያዝን ከሰዓት በኋላ አንሶላ ሲያሰጣ ያችን ፈገግታ ሲያስባት ዋለ፤ ደስታው ውስጥ አንዳች ፍርሃት ነበረበት።

*

ጾሙ ሲገባ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተማሪ ቤት ሆነ። መንበረ ጓደኛዋን ይመኙሽን አመጣች፤ ይመኙሽ ሌሎቹን አስከተለች፤ በመጨረሻ የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትረኗ ሲስተር አማረች ራሳቸው «እስቲ ምን እንደምታደርጉ ልይ» ብለው መጥተው የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ቆሙ። ሥራ ሊገቡ ሩብ ሰዓት ሲቀራቸው ዘጠኝ ነርሶች በበርሜሎቹ መካከል ቆመው ይወዛወዛሉ፤ ቢያዝን ያዜማል። ሁለቱ ተኝተው ማደር ጀመሩ። አንዷ ከገና ወዲህ ያልቀመሰችውን ምሳ ጨርሳ በላች። ከአራተኛው ክፍል ሲወጡ ማስመለስ ቀረ። በሩ ላይ ያለው ጠመንጃ ግን አልቀረም፤ ማኪናውም መምጣቱን አላቆመም።

ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይባላል። ቢያዝን ዓይኑን ሁሉም ላይ እኩል ለማሳረፍ ቢጥርም ከመንበረ ሲደርስ ይዘገያል። እሷም ጋዋን መቀየር ታበዛለች። አንድ ቀን የታጠበውን ጋዋኗን ስትለብስ ኪሱ ውስጥ በቁም ጽሕፈት የተጻፈ ወረቀት አገኘች።

«ለሲስተር መንበረ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጋዋንዎን ካውያ ሳደርግ እጄ ይዘገያል። የሌሎቹን ሰባት በምጨርስበት ጊዜ የእርስዎን አንዱን ነው የምጨርሰው። አለቃዬ ሰነፍህ አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

መልሱ በማግስቱ ከቆሸሸው ልብስ ጋር መጣ። «ቢያዝን፣ በመጀመሪያ ‹እርስዎ› የምትለኝን ተው። ለአለቃህ ግን እውነቱን እንዳትነግራቸው። የኔም አለቃ ይህ ሁሉ ጋዋን የት ነው የሚቆሽሸው እያለች ነው።»

ቢያዝን ወረቀቷን አርባ ጊዜ አነበባት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ከበረኪናው ሽታ መካከል የእሷን ሽታ የሚለይ ይመስለው ጀመር። ማታ በተከራያት ጠባብ ክፍል ጋደም ብሎ የቁስቋሙን ባለ ፎቅ ቤት፣ የአቶ ዳኛውን ዝምታ፣ የእናቷን የወይዘሮ ሸዋረጋን ዓይን ያስባል። ትርፍ ቤታቸው ቢወረስም ኩራታቸው ያልተወረሰ ሰዎች ናቸው። ሴት ልጃቸውን ለአንሶላ አጣቢ ሊሰጡ ነው? ራሱን ይነቀንቅና መልሶ ወረቀቷን ያወጣል። ተስፋ ማድረጉ ራሱን ያናድደው ነበር።

*

ወይዘሮ ሸዋረጋ ልጃቸው ስትበላና ስትተኛ አይተው ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ደስም አላቸው፤ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ መንበረ እጇ ውስጥ ስለሞተ ሰው ድምፅዋን ሳትለውጥ ስታወራ ሰሟትና ጉርሻው አፋቸው ላይ ቀረ። በማግስቱ ቦርሳዋን ሲፈትሹ የቢያዝንን ወረቀት አገኙ። የደብተራ እጅ ጽሑፍ!

አገሩ ጎንደር ነው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ደብተራ በጽሑፍ ሴት ያፈዛል፣ መስተፋቅር ያደርጋል ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው ናቸው። ልጅቱ ደም አይታ የማትደነግጠው፣ ሞት አይታ የማታለቅሰው ለካ ለዚህ ነው! ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ባላቸው የአክስት ልጅ ወደ ጓድ አዳሙ ሄዱ። ጓድ አዳሙ የሆስፒታሉ የፖለቲካ ኃላፊ ነው።

«ያንን ደብተራ ወደ ሌላ ቦታ አዛውርልኝ» አሉት። «ልጄን አፍዝዟታል። በጥር ማንኪያ መያዝ አቅቷት የነበረች ልጅ አሁን ያን ሁሉ ጉድ እያየች እጇ እንኳ አይንቀጠቀጥም።»

ጓድ አዳሙ በመስተፋቅር አያምንም። ዘመድ ናቸውና በትሕትና አዳመጣቸው፣ በር ድረስም ሸኛቸው። ከነገሩት ሁሉ በልቡ ያስቀረው የመጨረሻዋን ነገር ብቻ ነበር። ቢያዝን ይህን ሁሉ የሰማው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሴትዮዋ ግን በዚያ ቀን ልጃቸውን ያዳኑ መስሏቸው ልባቸው ቀሎ ወደ ቤታቸው ገቡ።

*

ማክሰኞ ጧት ዝማሜው መሀል ላይ እንዳለ በሩ ተከፈተ። ጓድ አዳሙ ነው፤ ከኋላው ሁለት የታጠቁ ሰዎች አሉ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም። ይመኙሽ ዱላዋ ከእጇ ወደቀ።

«ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» አለ ለስለስ ባለ ድምፅ። የሳሙናው ካርቶን ላይ ተቀመጠና እስኪጨርሱ ጠበቀ። ሲጨርሱ አጨበጨበላቸው። «ሸጋ ነገር ነው። የጤና ባለሙያው ካልተረጋጋ ማን ሊረጋጋ ነው?» ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የስብሰባ ፈቃድ እዚያው ጻፈላቸው፣ ፈረመላቸው። ክፍሉ በሙሉ እፎይ አለ። ወረቀቱን የተቀበሉት ሲስተር አማረች ብቻ ፊታቸው አልተፈታም።

ጓድ አዳሙ ሊወጣ ከተነሣ በኋላ ድንገት ትዝ ያለው መስሎ ወደ ቢያዝን ዞረ። «መምህሩ አንተ ነህ አይደል? ለመሆኑ ከእነዚህ ማን ቀደመ? የማን እጅ ነው የማይንቀጠቀጥ?»

በአቋቋም ቤት ደንብ አለ። እንግዳ መጥቶ «ማን ቀደመ?» ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ የበላዩን ተማሪ ስም ይጠራል፤ ለተጠራውም ለጠሪውም ክብር ነው። ቢያዝን የራሱ ስም ሳይጠራ ነበር ከዚያ ቤት የወጣው። አሁን የሚጠይቀው ሰው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደጠየቀ ለአፍታ እንኳ አላሰበም።

«ሲስተር መንበረ ናት!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

መንበረ ቀላች። ሲስተር አማረች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጓድ አዳሙ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈና አመስግኖ ወጣ። ቢያዝን በዕድሜው እንደዚያ ጧት ኮርቶ አያውቅም፤ ኋላ ያችን ኩራት ባስታወሳት ቁጥር መሬት ብትውጠው ይመኝ ነበር።

*

«አንተ ሞኝ!» አሉት ሲስተር አማረች በማግስቱ፣ የአንሶላ ቆጠራ አስመስለው ገብተው። «ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ? ‹እዚያ› እስረኞቹ ሳይናገሩ እየሞቱባቸው መርማሪዎቹ ተቸግረዋል። እንዳይሞቱ አድርጋ የምታቆይላቸው ነርስ ይፈልጋሉ። ጓድ አዳሙ ሁለት ጊዜ ሊመርጥ መጥቶ ሁላችንም ስንንቀጠቀጥ አይቶ ተመለሰ። መንቀጥቀጣችን ነበር ልጄ፣ የጠበቀን መንቀጥቀጣችን ነበር! ነገ ሥራዋን ቆሞ ሊያይ ይመጣል። ከወደደው ይዟት ይሄዳል፤ ለሦስት ወር ብሏል።»

ቢያዝን የቀረውን አልሰማም። ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ሲወጣ ቁስቋም ግምብ ጥግ ጠበቃት። ምእመናኑ ነጠላቸውን ተከናንበው ቁልቁል ይወርዳሉ። መንበረ ከመካከላቸው ስትወጣ ፊቱን አይታ ነገሩ መጥፎ እንደሆነ አወቀች። የሰማውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት።

«ስሜን የጠራኸው አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው ቢያዝን? ምነው?»

«ኮራሁ» አላት። «ባንቺ ኮራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ‹አንቺ› ማለቱ ነበር፤ ያችን ቃል ለሌላ ቀን አስቀምጧት ነበር። መንበረ ግምቡን ተደግፋ ቆመች። «እዚህ እንኳ የማድነው ለስንት ቀን ነው እያልሁ ነበር የማለቅሰው። እዚያ ደግሞ የምሠራው ሰው እንዳይሞት አይደለም፤ ቶሎ እንዳይሞት ነው። ያንን ስሠራ እጄ ጸጥ ካለ እኔ ምን ሆንሁ ማለት ነው?»

«ነገ ይንቀጥቀጥ» አላት ቢያዝን። «እጅሽን ልቀቂው። ሰውየው ይይና ይሂድ።»

«እንዴት ብዬ? ረስቼዋለሁ እኮ።»

እናም ያስተማራትን ያፈርስ ጀመር። ተረከዝሽን ከመሬት አንሺ አላት። ትንፋሽሽን እላይ፣ ደረትሽ ላይ ያዢው፤ ወደ ታች አታውርጂው፤ ከመጨረስሽ በፊት ሌላ ሳቢ። የአራተኛውን ክፍል ሰው አስቢው። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቿ ፈራ ተባ ማለት ጀመሩ፣ ከዚያ እጇ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። «ተንቀጠቀጠ!» ብላ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ቢያዝን እነዚያን የሚንቀጠቀጡ እጆች በሁለት እጁ ያዛቸው። ይህንንም ከዚያ በፊት አድርጎት አያውቅም።

«ፋሲካ ሲወጣ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ያባርሯቸዋል።»

«ደግሜ እልካለሁ።»

«እማዬ እንደሆነች መስተፋቅር አድርጎብሻል ማለቷ አይቀርም።»

«ቢያውቁ እኔ ነኝ የተደረገብኝ» አላት። መንበረ እጇን አልቀማችውም። ከተራራው የሚወርደው ንፋስ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሁለቱም ነገን እየፈሩ፣ ያችን ሰዓት ግን በሌላ በምንም አይለውጧትም ነበር።

*

ሐሙስ ጧት ጓድ አዳሙ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዋርዱ ጥግ ቆመ። መንበረ ከመጀመሪያው በሽተኛ ፊት ስትደርስ ስሪንጁ ትሪው ላይ ተንቀጫቀጨ። ሁለተኛው ላይ መርፌው ሳተ። አልኮሉን አፈሰሰችው። ጓድ አዳሙ ቅር ብሎት ማስታወሻውን ኪሱ ከተተና ወደ በሩ አመራ። ሲስተር አማረች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልዩ ነበር።

ይህን ጊዜ ነው ፀዳ ከምትባለው መንደር ቃሬዛ የመጣው። ቤቷ የወለደች ሴት ናት፤ ደሙ አልቆም ብሏት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ባልዋ «አየለች! አየለች!» እያለ ከቃሬዛው ጋር ይሮጣል። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ላይ ነው። ግሉኮሱ አሁኑኑ ካልገባላት አንድ ሩብ ሰዓት የላትም፤ ክንዷ ላይ ግን ደም ስር የሚባል ነገር አይታይም። ይመኙሽ ሞከረች፣ አጣችው። ሲስተር አማረች ሞከሩ፣ አጡት። ጓድ አዳሙ በሩ ላይ ቆም አለና ተመልሶ መጣ።

ቢያዝን አንሶላ ታቅፎ በሌላው በር የገባው በዚህ መሀል ነው። መንበረ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ቀና ብላ አየችው። ምን እንደምትጠይቀው ለማወቅ ቃል አላስፈለገውም። ዓይኑን መሬት ላይ ቢጥል ይበቃ ነበር፤ ዝም ብሎ ቢያልፍ፣ ፋሲካ ይወጣል፣ ሽማግሌ ይሄዳል፣ መንበረ የእሱ ናት። እውነቱን ለመናገር ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ሊያደርገው ነበር። ለዚያች ለአንዲት ትንፋሽ ራሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላለም።

«አየለች!» አለ ባልዬው፤ አሁን ድምፁ ደክሟል።

ቢያዝን አንሶላውን እንደታቀፈ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ቀስ ብሎ ወደ ግራ ተመለሰ። እንደገና ወደ ቀኝ። ከጉሮሮው ያችን ቃል የሌላት ዜማ ለቀቃት፤ ዜማዋ እየሄደች እንባው አንሶላው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። መንበረ ተረከዟን ጣለች። ትከሻዋ ወረደ። ወደ አልጋው ሄዳ ተንበረከከች፣ የሴትዮዋን ክንድ ያዘች፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ፈለገች። መርፌው ገባ። ደሙ ወደ ቱቦው ሲመለስ ታየ። «ክፈቺው» አለቻት ይመኙሽን፤ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አየለች ቃተተች። ባልዋ መሬት ላይ ተደፍቶ የመንበረን ጫማ ሳመ።

«በአንድ ጊዜ» አለ ጓድ አዳሙ በአድናቆት። «እሷ ናት።» በቢያዝን አጠገብ ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አንተም ትምህርቱን ቀጥል። ሌላ ማስፈለጉ አይቀርም።» ቢያዝን የሰውየው እጅ ያረፈበት ትከሻው ቀኑን ሙሉ ቀዘቀዘው።

*

ላንድሮቨሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ጠበቃት። ልብሷን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አልሰጧትም። በሁለት የታጠቁ ሰዎች መካከል ተቀምጣ በመስኮቱ ቢያዝንን ጠራችው።

«አየለች ትተርፋለች?»

«ትተርፋለች። ዓይኗን ገልጣለች።»

«እንግዲያው አልቆጭም። አንተም እንዳትቆጭ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፋሲካ ሲወጣ ሽማግሌዎቹን ላካቸው። እኔ ባልመለስም ላካቸው። ተጠይቄ እንደነበር አባዬ ይወቅ።»

ማኪናው አቧራውን አስነሥቶ ታጠፈ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ይመኙሽ የላከችባቸው መልእክት ደርሷቸው በባዶ እግራቸው እየሮጡ ሲመጡ አቧራው ገና አልወረደም ነበር። ቢያዝንን ሲያዩ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው እግሩ ላይ ወደቁ። እኒያ የቁስቋሟ ሴት፣ በአንሶላ አጣቢ እግር ላይ!

«ፍታልኝ!» አሉት። «የደገምህባትን ፍታልኝ። እንደ ድሮዋ አድርጋት፣ ትንቀጥቀጥ፣ ታልቅስ፤ ያኔ ይመልሷታል። የጠየቅኸኝን እሰጥሃለሁ፤ እሷንም እሰጥሃለሁ። ብቻ ፍታልኝ!»

ቢያዝን ደንግጦ ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው። «እትዬ፣ እኔ የደገምሁት ነገር የለም። ወደድኋት እንጂ። ስሟን ለጓድ አዳሙ የሰጠሁትም እኔው ነኝ፤ የኔ ጥፋት ነው።»

«ያንተ አይደለም» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «እጇ አይንቀጠቀጥም ብዬ የነገርሁት እኔ ነኝ። አንተን እንዲያባርርልኝ ብዬ።»

ሁለቱም ተያዩ። መንበረን ከእነሱ አብልጦ የሚወድ በከተማው አልነበረም።

«አባቷን ምን እለዋለሁ?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ ቆይተው።

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ወደ ቁስቋም ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። ሴትዮዋ ክንዱን ያዙት፤ የሚያያቸው መንገደኛ እናትና ልጅ ይመስሉታል። ሦስት ወር ብለዋል። ቢያዝን ከዚያ የተመለሰ፣ ያየውን አይቶ የተለቀቀ አንድ ሰው እንኳ ያውቅ እንደሆነ ለማስታወስ እየሞከረ ይሄድ ነበር። አንድም አላገኘም። ክንዱን የያዙት ጣቶች እየጠበቁ ሲመጡ ሴትዮዋም ይህንኑ እያሰቡ እንደሆነ ገባው፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።